ስንቅና ጉልቻ፦ በመንገድና በእንጦጦ ተራራ ላይ የማብሰል ታሪክ

(በሬዲዮ ዝግጅታችን ከቀረበ ንግግር የተወሰደ)



የተከበራችሁ የዝግጅታችን ተከታታዮች፤ በዒድ ሰሞን ወይም በእረፍት ቀን ልጆችን ይዞ ወደ እንጦጦ ብቅ ማለት በከተማችን እየተለመደ መጥቷል። በተለይ የእንጦጦ ፓርክ በመስከረም 2013 ዓ.ም ከተከፈተ ወዲህ ከኮተቤም፣ ከፈረንሳይ ለጋሲዮንም፣ ከመገናኛም ቤተሰቡን አስከትሎ ወደ ተራራው የሚወጣው ሰው በርክቷል። ጉዞው ሲታሰብ ታዲያ ከቤት እመቤቷ ዘንድ አንድ ጥያቄ ይነሳል። «ወጥ ቤት በሌለበት፣ ነፋስ በሚነፍስበት ተራራ ላይ ምን ደህና ምግብ ሊበስል ነው?» የሚል።

ጥያቄው ቀላል ይምሰል እንጂ አባቶቻችንና እናቶቻችን ለብዙ መቶ ዓመታት ሲመልሱት የኖሩት ነው። መልሳቸው ውስጥም ስለ ምግብ ብቻ ሳይሆን ስለ ሰው ድካምና ስለ አላህ ጸጋ አያያዝ የምንማረው አለ። ስለዚህ ዛሬ ደጅ ላይ ስለማብሰል ታሪክ ጥቂት እንጨዋወታለን ኢንሻአላህ።

ሦስቱ ድንጋዮች

የሀገራችን ሰው «ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» ይላል። አብዛኛውን ጊዜ ተረቱ የሚነገረው ስለ ሹም ሽር ነው። እንደ ቃሉ ብንወስደውም ግን እውነትነት አለው። ጉልቻ ማለት ድስት የሚጣድባቸው ሦስት ድንጋዮች ናቸው። ሦስት ድንጋይ በየትኛውም ዳገትና ሜዳ ይገኛል። ትዳር የያዘ ሰው «ሦስት ጉልቻ መሠረተ» የሚባለውም ቤት የሚቆመው በምድጃው ዙሪያ ስለሆነ ነው። እንግዲህ ጣዕሙ ከድንጋዩ ካልመጣ ከየት ይመጣል? ታሪኩን ስንመረምር መልሱ ሁለት ሆኖ እናገኘዋለን። አንደኛው ከቤት ሳይወጡ አስቀድሞ የተሠራው ሥራ ነው። ሁለተኛው እሳትን በቁጠባ መያዝ ነው። መንገደኛው ሁለቱንም ያውቅ ነበር። ሠራዊትና ቤተ መንግሥት ሲሰፍሩ ግን ሁለተኛው ተረሳ፤ ዕዳውንም እንጦጦ ከፈለ።

የሰዊቅ ዘመቻ

በኢስላም ታሪክ ውስጥ በምግብ ስም የተጠራ ዘመቻ እንዳለ ስንቶቻችን እናውቃለን? በ2ኛው ዓመተ ሂጅራ፣ ከበድር ድል በኋላ፣ አቡ ሱፍያን ቂሙን ለመወጣት ሁለት መቶ ያህል ፈረሰኞች አስከትሎ በሌሊት ወደ መዲና ዳርቻ መጣ። የተምር ዛፎችን አቃጠለ፤ ሁለት ሰዎችንም ገድሎ ሸሸ። የአላህ መልእክተኛ (ሰ.ዐ.ወ) ከሰሃባዎቻቸው ጋር ሲከታተሉት የቁረይሽ ሰዎች ሸክማቸውን ለማቅለል የስንቅ ከረጢቶቻቸውን በየመንገዱ እየጣሉ አመለጡ። ሙስሊሞች ያነሷቸው ከረጢቶች በሰዊቅ የተሞሉ ስለነበሩ ዘመቻው «ገዝወቱ ሰዊቅ» ተብሎ ቀረ።

ሰዊቅ ምንድን ነው? ተቆልቶ የተፈጨ ገብስ ወይም ስንዴ ነው። ይህንን ስንሰማ ሁላችንም ፈገግ እንላለን። ምክንያቱም ይህ ሌላ ሳይሆን የእኛው በሶ ነው! ዐረቡ በበረሃ ይዞት የሚጓዘውን ስንቅ የሸዋና የወሎ እናት በቁና እየሰፈረች ለልጇ ታስይዘው ነበር።

በ7ኛው ዓመተ ሂጅራ ወደ ኸይበር በተደረገው ጉዞም ተመሳሳይ ታሪክ እናገኛለን። ጉዞው ሰህባእ ከተባለ ቦታ ሲደርስ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ዐስርን ሰገዱና ስንቅ እንዲቀርብ ጠየቁ። ከሰዊቅ በስተቀር የቀረበ አልነበረም። በውሃ እንዲርስ ተደረገ፤ እሳቸውም በሉ፣ ሰሃባዎችም በሉ። ከዚያም አፋቸውን ተጉመጥምጠው፣ ውዱእ ሳያድሱ መግሪብን ሰገዱ። የፊቅህ ሊቃውንት ይህንን ሐዲስ ስለ ውዱእ ሕግ ይጠቅሱታል። እኛ ለዛሬ የምንይዘው ሌላውን ገጽታ ነው። የአንድ ሠራዊት እራት ያለ አንዲት ጭራሮ ተዘጋጀ፤ ምክንያቱም እሳቱ ቀድሞ እቤት ነድዶ ነበር።

የነጋዴው ስንቅ

ወደ ሀገራችን ስንመለስ ደጅ ላይ የማብሰል እውቀት ከነጋዴው ዘንድ በሚገባ ይገኛል። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከአንኮበር ሥር የነበረችው አልዩ አምባ ሙስሊም ነጋዴዎች የሚበዙባት የታወቀች ገበያ ነበረች። ከዚያ የሚነሳው ሲራራ ነጋዴ የአፋርን በረሃ አቋርጦ ወደ ታጁራ፣ ወይም ወደ ሐረር ያቀናል። ጉዞው ሳምንታት ይፈጃል። ነጋዴው ግመልና በቅሎ የሚጭነው ለሸቀጡ እንጂ ለምጣድና ለሊጥ አይደለም። እንጀራ ለመጋገር ሊጡ ሁለት ሦስት ቀን ይቦካል፤ የሸክላ ምጣድ በመንገድ ይሰበራል፤ ምጣዱን ለማጋልም ብዙ እንጨት ይጠይቃል። ስለዚህ መንገደኛው እንጀራን ትቶ ሌላ ብልሃት ያዘ።

የመጀመሪያው በሶ ነው። ገብሱ ይፈተጋል፣ ይቆላል፣ ይፈጫል። ሲቆላ ውስጡ ስለሚበስል ከዚያ በኋላ የሚፈልገው ውሃና ጨው ብቻ ነው። ቅቤና በርበሬ ሲጨመርበትና በእጅ ሲጨበጥ ጭብጦ ይሆናል።

ሁለተኛው ቋንጣ ነው። ሥጋው በቀጭኑ ተዘልዝሎ፣ ጨውና በርበሬ ተቀብቶ ነፋስ በሚያገኘው ቦታ ይሰቀላል። ውሃው ከወጣለት አይበላሽም፤ ክብደቱም ይቀንሳል። በመንገድ ላይ እንዲሁ ይቆረጠማል፤ ድስት ሲገኝ ደግሞ ወጥ ይሆናል።

ሦስተኛው ሽሮ ነው። አተሩ ወይም ሽምብራው ታምሶ፣ ተከክቶ፣ ከቅመሙ ጋር ተፈጭቶ ይያዛል። ጥሬ አተር ለመቀቀል ሰዓታት የሚጠይቀውን ያህል ሽሮ ውሃው ከፈላ በኋላ በጥቂት ደቂቃ ይደርሳል።

አራተኛው ብርኩታ ነው። የዛሬ የከተማ ልጆች ስሙንም አልሰሙ ይሆናል። ዱቄቱ በውሃና በጨው ይታሻል። ክብ ድንጋይ እሳት ውስጥ እስኪግል ይቆይና በሊጡ መሐል ተከትቶ ይድቦለቦላል፤ ከዚያ ፍም ላይ ይቀመጣል። ድንጋዩ ከውስጥ፣ ፍሙ ከውጭ ያበስለዋል። ምጣድ የለ፣ ድስት የለ፤ ዳቦ ግን አለ። እረኛም፣ ወታደርም፣ ነጋዴም በልቶታል።

እነዚህን አራቱን አንድ የሚያደርጋቸው ነገር አለ። ረጅሙና አድካሚው ሥራ ሁሉ ያለቀው ከጉዞው በፊት ነው። መቁላቱ፣ መፍተጉ፣ በወፍጮ መፍጨቱ፣ መዘልዘሉ፣ ማድረቁ በሴቶች እጅ በቤት ውስጥ ተከናውኗል። ነጋዴው በበረሃ ተቀምጦ «ስንቄ ጣፋጭ ነው» ሲል ያመሰግን የነበረው፣ ካወቀበት፣ ከአላህ (ሱ.ወ) ቀጥሎ እቤት የቀረችውን ሴት ነው።

ሌላም ጥቅም ነበረው። ሙስሊሙና ክርስቲያኑ በየራሳቸው እጅ ያረዱትን ሥጋ ለየብቻ ይበላሉ። በሶና ሽሮ ግን ቢላዋ አላየም። በአንድ መንገድ ላይ የተገናኙ የሁለት ሃይማኖት ሰዎች ያለ ሐሳብ ተካፍለው መብላት የሚችሉት ስንቅ ነበር።

ተራራው የከፈለው ዕዳ

አሁን ደግሞ ከመንገደኛው ወደ ሰፈረው ሠራዊት እንምጣ። የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ በ1870ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ በ1880ዎቹ መባቻ) መቀመጫቸውን ወደ እንጦጦ አመጡ። ያ ዘመን ዋና ከተማ በአንድ ቦታ የማይረጋበት ዘመን ነበር። ንጉሡ ሲንቀሳቀስ ከተማው አብሮ ይንቀሳቀሳል። ዛሬ «ሰፈር» የምንለው ቃል ራሱ ከመስፈር የመጣ ነው። ድንኳን ተተክሎ፣ ሠራዊት ሰፍሮ፣ በየድንኳኑ ደጃፍ ጉልቻ ይጎለታል።

ሠራዊቱ እንደ ነጋዴው ስንቁን ብቻ ይዞ አልሄደም፤ ወጥ ቤቱን በሙሉ ይዞ ነው የሄደው። በዘመኑ ለወታደር ምግብ የሚያቀርብ የመንግሥት ድርጅት አልነበረም። ዱቄት የሚፈጩ፣ እንጀራ የሚጋግሩ፣ ወጥ የሚሠሩ፣ ውሃ የሚቀዱና እንጨት የሚሸከሙ ሴቶችና አገልጋዮች ከሠራዊቱ ጋር ይጓዛሉ። እንጀራውም ጠጁም የሚሰናዳው በሜዳ ላይ ነው። ለጥቂት ቀን ሲሆን ምንም አይደለም። ለዓመታት ሲሆን ግን በሺህ የሚቆጠር ምድጃ በየቀኑ ጫካውን ይበላል።

እንጦጦ ቀድሞ የጽድ፣ የወይራና የኮሶ ሀገር ነበር። በከፍታው የተነሳ ብርድ አለ፤ ብርዱም ራሱ እሳት ይጠይቃል። በዚህ ላይ ከ3,000 ሜትር በላይ በሆነ ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ90 ዲግሪ ገደማ ነው። በቆላ በአንድ ሰዓት የሚበስለው ባቄላ በተራራው ላይ ረዘም ያለ ጊዜና ተጨማሪ እንጨት ይፈልጋል። ይኸውም ጫካውን ይጨርሳል።

በ1879 ዓ.ም (እ.ኤ.አ 1886) በፍል ውሃ አካባቢ አዲስ አበባ ተቆረቆረች። ቤተ መንግሥቱም በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከብርዳሙ ተራራ ወደ ሜዳው ወረደ። የማገዶው ችግር ግን አብሮ ወረደ። በአካባቢው የነበረው ዛፍ እያለቀ ሄዶ በ1893 ዓ.ም (እ.ኤ.አ 1900/01) ገደማ ምኒልክ ከከተማዋ በስተምዕራብ አዲስ ዓለምን ለአዲስ መናገሻነት ማሠራት ጀመሩ። አስቡት! አንድ ሀገር ዋና ከተማውን ለመቀየር የተነሳው ጠላት ስለመጣበት ሳይሆን ወጥ የሚሠራበት እንጨት ስላጣ ነው።

ያ ሳይሆን የቀረው በባሕር ዛፍ ምክንያት ነው። በ1880ዎቹ ማብቂያ (እ.ኤ.አ በ1890ዎቹ አጋማሽ) ገደማ ወደ ሀገራችን የገባው ይህ የአውስትራሊያ ዛፍ ከባሕር ማዶ ስለመጣ ባሕር ዛፍ ተባለ። ቶሎ ያድጋል፤ ሲቆረጥ ከጉቶው ያቆጠቁጣል፤ ከብትም አይበላውም። በጥቂት አሥርት ዓመታት ውስጥ እንጦጦንና የየካን ተራሮች አለበሰ። አዲስ አበባም በቦታዋ ረጋች። አዲስ ዓለም የተጀመረው ቤተ መንግሥት ቤተ ክርስቲያን ሆኖ ቀረ።

ይሁንና ባሕር ዛፍ የጠፋውን ሁሉ አልመለሰም። ከሥሩ ሣርና ቁጥቋጦ እንደልብ አይበቅልም፤ ውሃም ብዙ ይጠጣል። በቅርብ ዘመን በእንጦጦ ላይ ጽድና ወይራ፣ ኮሶና ሌሎች ሀገር በቀል ዛፎች እንደገና መተከላቸው ከመቶ ዓመት በፊት የተበደርነውን መክፈል መሆኑ ነው።

ገመድና ሸክም

ተራራው የከፈለው ይህ ነው። ሰውስ? በየካና በጉለሌ በኩል ከእንጦጦ የሚወርዱትን እንጨት ተሸካሚ እናቶች የማያውቅ የአዲስ አበባ ነዋሪ የለም። ከፈረንሳይ ለጋሲዮን በላይ ባለው ዳገት፣ በኮተቤ በኩልም፣ ጎንበስ ብለው ቅጠልና ጭራሮ በጀርባቸው ተሸክመው ሲወርዱ ለብዙ ዘመን አይተናል። ሸክሙ ብዙ ጊዜ ከ30 ኪሎ ያልፋል። ራሷ ከ50 ኪሎ ብዙም የማትበልጥ ሴት ናት የምትሸከመው! ጎህ ሳይቀድ ትወጣለች፤ ጥበቃና ጅብ ትፈራለች፤ ሸክሟን ሸጣ በዚያው ቀን ዱቄት ገዝታ ትገባለች። የከተማዋ እንጀራ በምጣድ ቅጠል በሚጋገርበት ዘመን ሁሉ በየቤታችን ሞሰብ ውስጥ የእነዚህ እናቶች ወገብ ነበረበት።

ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) አንድ ሰው ገመዱን ይዞ ወጥቶ፣ በጀርባው እንጨት ተሸክሞ ሸጦ መኖሩ ሰዎችን ከመለመን የሚሻለው መሆኑን አስተምረዋል። ይህንን ሐዲስ ስንሰማ በዐረብ ሀገር የነበረ አንድ ጎልማሳ ብቻ ይታየናል። በእኛ ሀገር የሐዲሱ ሥዕል እንጦጦ ላይ አለ፤ ገመዱን የያዘችውም ሴት ናት። ታዲያ እንዲህ ዓይነቷን እናት ሁለት ብር ለማስቀነስ ሩብ ሰዓት ፀሐይ ላይ አቁሞ መከራከር ምን የሚሉት ነው? ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) ያከበሩትን ሥራ እኛ ልንንቀው አይገባም።

ከእነዚህ እናቶች መካከል የተወሰኑት በማኅበር ተደራጅተው ሸክሙን ትተው ሽመና ሠርተው ለመሸጥ በቅተዋል። በየቤቱም የኤሌክትሪክ ምጣድ ገብቷል። ለማገዶ ተጠቃሚ ቤተሰብ ደግሞ «ምርጥ» የሚባለው የእንጀራ ምድጃ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር እስከ ግማሽ የሚደርስ እንጨት ይቆጥባል። አልሐምዱሊላህ፣ እነዚህ ለውጦች ናቸው። ቢሆንም ሸክሙ ጨርሶ አልቀረም።

እሳቱን የሚያነደው ማን ነው?

የምእመናን መሪ ዑመር ኢብኑል ኸጣብ (ረ.ዐ) በአንድ ሌሊት ከአገልጋያቸው ከአስለም ጋር ከመዲና ውጭ ሲዘዋወሩ ከሩቅ እሳት አዩ። ቀረብ ሲሉ አንዲት ሴት ድስት ጥዳ ተቀምጣለች፤ ልጆቿ በዙሪያዋ ያለቅሳሉ። በድስቱ ውስጥ ምን እንዳለ ጠየቋት። ውሃ ብቻ ነበር። ልጆቹ ምግብ እየበሰለ መስሏቸው እንቅልፍ እስኪወስዳቸው የምታባብልበት ነው። ዑመር (ረ.ዐ) ወዲያው ተመልሰው ከግምጃ ቤት ዱቄትና ስብ አወጡ፤ አስለም ልሸከምልዎ ቢላቸውም እምቢ ብለው በገዛ ጀርባቸው ተሸከሙ። ደርሰውም ምግቡን በእጃቸው ሠሩ። አስለም የሚተርከው አንድ ነገር በተለይ ልብ ይነካል፤ ኸሊፋው ከድስቱ ሥር እሳቱን እፍ ሲሉ ጭሱ በጢማቸው መሐል ይወጣ ነበር። ልጆቹ በልተው እስኪጠግቡና እስኪስቁም ከቦታው አልሄዱም።

ወንድሞቼ፤ የዘመኑ ታላቅ መሪ ከሦስት ድንጋይ ፊት ተንበርክከው እፍ ካሉ እኛን ምን ያግደናል? ለእረፍት ተብሎ በተወጣበት ቀን ባል ሣር ላይ ጋደም ብሎ፣ ሚስት ከጭስ ጋር ስትታገል ከዋለች እረፍቱ የማን ነው? ቤት ስትደክም የሰነበተች ሴት ተራራ ላይም ያው ድካም ከጠበቃት ጉልቻው ተቀየረ እንጂ ኑሮው አልተቀየረም።

ዛሬ ወደ እንጦጦ ስንወጣ

ታሪክ የሚነገረው ሊሠራበት ነውና ከነጋዴው ብልሃት ለቤተሰቦቻችን የሚጠቅመውን እናንሳ።

ቁሌቱን ከቤት ጨርሱት። ሽንኩርቱ በዘይትና በበርበሬ በደንብ ተቁላልቶ በክዳን ዕቃ ይያዝ። ተራራው ላይ የሚቀረው ውሃ ማፍላት፣ ቁሌቱን መጨመርና ሽሮውን መበጥበጥ ብቻ ይሆናል። ቋንጣ ጣል ቢደረግበት የእንግዳ ምግብ ነው። ጥሬ ባቄላና ሽምብራ ግን ወደ ከፍታ ይዞ መውጣት ትርፉ ድካም ነው።

ልጆች በሶ በጥብጠው እንዲጠጡ አድርጉ፤ የሰዊቅን ዘመቻም እዚያው ንገሯቸው። በቃል ብቻ ከሰሙት ይልቅ በአፋቸው የቀመሱትን ታሪክ አይረሱትም።

እሳት ማንደድ በተፈቀደበት ቦታ ብቻ አንድዱ። ከባሕር ዛፍ ሥር የተከመረ ደረቅ ቅጠል ዘይት ያለው ስለሆነ በአንዲት ብልጭታ ይያያዛል። አነስተኛ የከሰል ማንደጃ ወይም ቡታጋዝ ለአንድ ቤተሰብ ይበቃል። እርጥብ ቅርንጫፍ አትቁረጡ፤ የሚያስፈልግ ከሆነ ጭራሮውን ከእናቶቹ ግዙ፤ ለራሳቸውም ከምግቡ አካፍሏቸው። ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) በመዲና አንድ ቤት በሌሊት መቃጠሉን በሰሙ ጊዜ እሳት ለሰው ጠላት መሆኑን ነግረው ከመተኛት በፊት እንዲጠፋ አዝዘዋል። ለቤት የታዘዘው ለጫካም ይሠራል። ውሃ አፍሱበት፣ አመዱን በእንጨት አገላብጡ፣ እጃችሁን አስጠግታችሁ ሙቀት እንደሌለው ሳታረጋግጡ አትሂዱ።

የተከበራችሁ አድማጮች፤ አንድ ዋና ከተማ ተራራ ሙሉ ጽድና ወይራ አንድዶ እራቱን በላ። አንድ ነጋዴ ደግሞ በአንድ ከረጢት በሶ በረሃ አቋርጦ በሰላም ቤቱ ገባ። ልዩነቱ የሀብት አልነበረም፤ የመሰናዳትና የቁጠባ ነበር። ማባከንን አላህ (ሱ.ወ) አይወድም፤ የሚያመሰግነውን ግን ይጨምርለታል። ስንቃችንን በቤታችን እናሰናዳ፤ ሥራውን ባልና ሚስት፣ ወንድና ሴት ልጅ እንካፈለው፤ ያነደድነውን እናጥፋ፤ ከእኛ በኋላ ለሚመጣው ቤተሰብም ጥላ የሚሆን ዛፍ እንተውለት።

አላህ (ሱ.ወ) በሪዝቃችን በረካን ያድርግልን። ሸክም የከበዳቸውን እናቶች ያቅልልላቸው፤ ድስታቸው ባዶ ለሆነባቸውም ሲሳያቸውን ያስፋላቸው። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።